ቫይረስ ያድናል ወይ ላልሽኝ

ይድረስ ለእማዬ፣

እንዴት ነሽ? እግርሽስ? ትናንት «ቫይረስ ደግሞ መድኃኒት ሆነ?» ብለሽ ስትስቂብኝ ስልኩ ተቋረጠ። በስልክ የሚያልቅ ወሬ ስላልሆነ ይኸው ጻፍኩልሽ።

መጀመሪያ፣ «መድኃኒቱን ተላምዷል» ሲሉሽ ሰውነትሽን ማለታቸው አይደለም። የተላመደው ቁስልሽ ላይ ያለው ባክቴሪያ ነው። ይኼን ብዙ ሰው ያምታታዋል። ሱዶሞናስ የሚባለው ለምሳሌ ሽፋኑ ላይ ፓምፕ አለው፤ አንቲባዮቲኩ ሲገባበት መልሶ ይተፋዋል።

ያ የሳቅሽበት ቫይረስ ፋጅ ይባላል፤ ባክቴሪያን ብቻ የሚያጠቃ ቫይረስ ነው። ቲ4 የሚሉትን ፋጅ በሥዕል ብታዪው እንደገና ትስቂያለሽ። ትልቅ ጭንቅላት፣ ቀጭን ጭራ፣ እንደ ሸረሪት ያሉ 6 እግሮች። በእግሮቹ ባክቴሪያው ላይ ያርፋል። ጭራው ይኮማተርና እንደ መርፌ ይወጋል። ዲኤንኤው፣ ማለትም የዘር መመሪያው፣ ይገባል፣ ቅርፊቱ ውጭ ይቀራል። ከዚያ በኋላ ባክቴሪያው ለራሱ መሥራቱን ትቶ ፋጅ ሲያመርት ይውላል። ውሎውም አጭር ነው፤ ግማሽ ሰዓት ገደማ። መጨረሻ ላይ ግድግዳውን የሚበላ ኢንዛይም ይሠራና ይፈነዳል። መቶ ያህል አዳዲስ ፋጆች ወጥተው ጎረቤቱን ያጠቃሉ።

ባክቴሪያ ፋጅንም ይላመዳል። እኔን ያስደነቀኝ ግን እዚህ ጋ ነው። ኦኤምኬኦ1 የተባለው ፋጅ የሚያርፈው እዚያው መድኃኒት የሚተፋው ፓምፕ ላይ ነው። ሱዶሞናሱ ከፋጁ ለማምለጥ ፓምፑን ሲለውጥ፣ መድኃኒቱን መትፋት ያቅተዋል። ከድጡ ወደ ማጡ! ፋጅን ከአንቲባዮቲክ ጋር አብረው የሚሰጡትም አንዱ ምክንያት ይኼ ነው።

አዲስ ነገር እንዳይመስልሽ። ፌሊክስ ዴሬል የሚባል ተመራማሪ ስሙን ያወጣለት እ.ኤ.አ. በ1917 ነው። ጆርጂያ አገር ትብሊሲ ያለው የፋጅ ምርምር ተቋም፣ ኤሊያቫ ኢንስቲትዩትም፣ ከ1923 ጀምሮ አለ። አንቲባዮቲክ ሲመጣ ብዙው ዓለም ረሳው እንጂ። በ2016 አሜሪካ ውስጥ ቶም ፓተርሰን የሚባል ሰው ሁሉም መድኃኒት እምቢ ብሎት፣ ኮማ ውስጥ እያለ በፋጅ ድኗል።

ችግሩ ፋጅ መራጭ ነው። የአንዱን ባክቴሪያ ዘር ገድሎ የቅርብ ዘመዱን ላይነካ ይችላል። ስለዚህ ላብራቶሪ ውስጥ የታማሚውን ባክቴሪያ ሳህን ላይ ያሳድጉታል፤ ጉም የመሰለ ስስ ሽፋን ይሆናል። የፋጅ ጠብታ ያንጠባጥቡበታል። በማግስቱ ጉሙ ተበስቶ ጥርት ያለ ክብ ከታየ፣ የሚሆነው ፋጅ ተገኘ ማለት ነው።

አገኝልሻለሁ ብዬ ቃል አልገባም፤ ፋርማሲ ሄደው የሚገዙት ነገር አይደለም። የሰጡሽን ኪኒን እንዳታቋርጪ። የካልቸሩን ወረቀት፣ ማለትም ከቁስልሽ የተወሰደውን የባክቴሪያ ምርመራ ውጤት፣ ግን ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ፣ የባክቴሪያውን ስም ልየው።

ልጅሽ