ሦስተኛው ግልገል

ወንድሜ እንዴት ነህ?

በቅድሚያ ይቅርታ። ደወልክ አላነሳሁም፣ ጻፍክ አልመለስኩም። ነገ ነገ ስል ሁለት ዓመት አለፈ፣ ከዚያ ወዲያ ደግሞ በምን ፊቴ የሚል ነገር ያዘኝ። ስንገናኝ የፈለግከውን ያህል ትቆጣኛለህ። አሁን ግን አንድ ነገር ልንገርህ፣ ካልነገርኩህ እንቅልፍ አይወስደኝም።

አየኋት። አቦሸማኔ፣ በዱር፣ በዓይኔ! ታንዛኒያ፣ ሴሬንጌቲ ፓርክ ውስጥ።

ነብር ነው እንዳትለኝ ደግሞ። ስንት ዓመት ተከራክረናል። የነብር ነጠብጣብ መሀሉ ክፍት ነው፣ የእሷ ድፍን ጥቁር። ከዓይኗ ጥግ እስከ አፏ የሚወርደውን ጥቁር መስመር ስታየው ስታለቅስ የከረመች ትመስልሃለች። ተሸንፈሃል፣ እመን።

ሦስት ግልገሎች አስከትላለች። ሁለት ወር ቢሆናቸው ነው። ጀርባቸው ላይ ረጅም ግራጫ ጸጉር አለ፣ ሳሩ ውስጥ ጋደም ካሉ አታገኛቸውም። አባት የሚባል የለም። ወንዶቹ ብዙ ጊዜ ከወንድሞቻቸው ጋር ሆነው ግዛታቸውን ይጠብቃሉ፣ ልጅ ማሳደጉ የእናት ብቻ ነው። ገና ጨቅላ ሳሉ በየጥቂት ቀኑ አንድ በአንድ በአፏ አንጠልጥላ ቦታ ትቀይርላቸዋለች፣ አንበሳና ጅብ እንዳያገኟቸው።

ስታድንም አየሁ። ማለዳ ነው። ቀስ እያለች ተጠጋች፣ አንድ እግሯን አንስታ ድርቅ አለች፣ ከዚያ ተወረወረች። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ትሮጣለች ሲባል ቁጥር ብቻ ነበር የሚመስለኝ። ሚዳቋዋ በታጠፈች ቁጥር ያ ረጅም ጅራት ወደ ሌላው ጎን እየተወነጨፈ ሚዛኗን ይጠብቅላታል። ጥፍሯ እንደ ሌሎቹ የድመት ዘሮች ሙሉ በሙሉ ተሰብስቦ አይገባም፣ መሬቱን እየቆነጠጠ ያስሮጣታል። 30 ሰከንድ እንኳ አልሞላም፣ ጣለቻት። መብላት ግን አልቻለችም። ጎኗ እንደ ወናፍ እየተነፋ ታለከልካለች። በዚህ መሀል ጅብ መጣ። አንድ ጅብ! ትታለት ሄደች። ብትታገለውና እግሯ ቢጎዳ በምን ታድናለች? ልጆቿስ ምን ይበላሉ? ገብቶኛል፣ ግን እንዴት እንዳንገበገበኝ።

በማግስቱ ተመለስን። ግልገሎቹ ሁለት ናቸው።

ቆጠርኩ። ደግሜ ቆጠርኩ። ሹፌሩ ምንም አላለም። እናትየው ጉብታ ላይ ቆማ ትጣራለች። አቦሸማኔ አያገሳም፣ ድምፁ የወፍ ነው፣ ቀጭን። ትጣራለች፣ ጆሮዋን ቀስራ ትጠብቃለች፣ ወርዳ ሳሩን ታሸታለች፣ ተመልሳ ትወጣለች። ሁለቱ ደግሞ ጅራቷን እየነከሱ ይጫወታሉ። እዚያ ሜዳ ላይ ከሚወለዱት አብዛኞቹ ሳያድጉ እንደሚያልቁ፣ በዓለም ላይ በዱር የቀሩት አቦሸማኔዎች 7,000 ገደማ ብቻ እንደሆኑ አንብቤ ነበር። ማንበብና ቆሞ መስማት ግን ለየቅል ነው። ሳምንት አለፈኝ፣ አሁንም ሌሊት ተነስቼ ሦስተኛው የት ገባ እላለሁ።

ደግሞ… እንዴት ልበልህ። እዚያ ቆሜ ስሰማት አንተ ትዝ አልከኝ። ያ ተከታትለህ የደወልክበት ሳምንት። ስልኩ ሲጠራ አጠገቤ ነበር፣ አይቼው ነው የተውኩት። ለምን እንደሆነ በደብዳቤ አልችልም፣ ቅዳሜ እደውላለሁ፣ ያኔ እነግርሃለሁ።

ድምጿን በስልኬ ቀድቼዋለሁ፣ ልኬልሃለሁ። መጀመሪያው ላይ ነፋስ ብቻ ነው፣ አታጥፋው፣ ትንሽ ቆይታ ትጣራለች።