ዥዋዥዌው ስንት ሰከንድ ይፈጃል? የፊዚክስ ክበብ የዓመቱ ዘገባ

ዘንድሮ የፊዚክስ ክበባችን አባላት ከሌላው ጊዜ በዝተዋል። በተለይ ሴት ተማሪዎች በብዛት መምጣታቸው በጣም ደስ ብሎኛል። ሐሙስ ሐሙስ ከትምህርት በኋላ ላብራቶሪ ውስጥ እንገናኝ ነበር። የመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት እንደተለመደው አለፈ። ከሎሚ ባትሪ ሠራን፣ የጥያቄና መልስ ውድድር አዘጋጀን፣ ለ9ኛ ክፍሎች የማጠናከሪያ ትምህርት ሰጠን። በዚህ ዘገባ በሰፊው ልጽፍበት የምፈልገው ግን የሁለተኛውን መንፈቅ ዓመት ነው።

ነገሩ የጀመረው በአንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ጥያቄ ነው። ውጭ አገር ሰዎች በሐዲድ ላይ በሚበር ባቡር መሳይ ነገር ተገልብጠው ሲዞሩ ስልክ ላይ አይታለች። "ቲቸር፣ ለምንድን ነው የማይወድቁት?" አለችኝ። መልሱን ሰሌዳ ላይ ጻፍኩ። ሞተሩ ባቡሩን የሚስበው እስከ መጀመሪያው ከፍታ ድረስ ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚሄደው ከከፍታው ባገኘው ኢነርጂ ነው። ለዚህም ነው ቀጥለው የሚመጡት ጉብታዎች ከመጀመሪያው የሚያንሱት። ሲገለበጥ ደግሞ ፍጥነቱ በቂ ከሆነ ሰዎቹ ወንበራቸውን እንደተጫኑ ይዞራሉ። ሁሉም "ገባን" አሉ። ፊታቸው ግን እንዳልገባቸው ይናገር ነበር። ይህ በሰውነት የሚታወቅ ነገር ነው። ቁጭ ብለው ካልዞሩበት ቀመሩ ቀመር ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ስለዚህ መጫወቻ ቦታ እንሂድ ተባለ። አንዳንዶቹ አዲስ አበባ ካልሄድን አሉ። ከዳንግላ አዲስ አበባ ሩቅ ነው፤ ማደሪያ ይፈልጋል፣ ወጪውም አይቻልም። ባሕር ዳር ግን 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ጠዋት ተነስቶ ማታ ቤት መግባት ይቻላል። የባሕር ዳሩ መጫወቻ ትንሽ ነው። ያ ተገልብጦ የሚዞረው ባቡር የለውም። ትልቁ ሽክርክሪት፣ የሚወዛወዘው ጀልባ፣ የሚዞሩት ፈረሶችና እርስ በርስ የሚጋጩት መኪኖች ግን አሉት። ለእኛ ይበቃናል ብዬ ተከራከርኩ፤ ዛሬም የማምነው ይህንኑ ነው።

የወላጅ ፈቃድ ስንሰበስብ አንድ አባት ትምህርት ቤት ድረስ መጡ። "መምህር፣ ለጨዋታ ብለው ነው ልጆቹን ባሕር ዳር የሚወስዷቸው? ጨዋታ እዚህ ሞልቶ የለ እንዴ?" አሉኝ። ጥያቄያቸው ተገቢ ነው። ልጆቹ የሚሞሉትን የመለኪያ ቅጽ አሳየኋቸው። አገላብጠው አዩትና "እንግዲያው ትኬቱም የትምህርት ነው" ብለው ፈረሙ። የመኪናውን ኪራይ ልጆቹ በወላጆች ቀን ሻይና ቆሎ ሸጠው በከፊል ሸፈኑ።

ከጉዞው በፊት እዚሁ ግቢያችን ውስጥ ተለማመድን። በክር ድንጋይ አንጠልጥለን አወዛወዝን። ክሩ 1 ሜትር ሲሆን ደርሶ መልሱ 2 ሰከንድ ያህል ነው። ድንጋዩን በከባድ ድንጋይ ስንቀይረው ጊዜው አልተለወጠም። እዚህ ላይ ትልቅ ክርክር ተነሳ። "ወፍራም ልጅ ዥዋዥዌ ላይ ይፈጥናል" የሚሉ ብዙ ነበሩ። ከዛፍ ላይ በ4 ሜትር ገመድ ዥዋዥዌ ሰቅለን ቀጭኑንም ወፍራሙንም አስቀመጥን። ሁለቱም 4 ሰከንድ ገደማ ሆኑ። ገመዱ 4 እጥፍ ሲረዝም ጊዜው 2 እጥፍ ብቻ እንደሚጨምር ያን ዕለት ያየ ልጅ የሚረሳው አይመስለኝም።

ባሕር ዳር እንደደረስን ልጆቹ መጀመሪያ የሮጡት ወደሚዞሩት ፈረሶች ነው። የአዊ ልጅ ፈረስ ያውቃል። አብዛኞቹ ጥር 23 እንጅባራ ላይ የአገው ፈረሰኞችን በዓል አይተዋል። አንዱ ልጅ ወዲያው "ቲቸር፣ እዚህ ወደ ውጭ ነው የሚገፋኝ፤ አያቴ ግን ፈረሱን ሲያዞር ወደ ውስጥ ያዘነብላል" አለ። እኔ ልጠይቀው ያሰብኩትን እሱ ቀድሞ ጠየቀኝ። ሰውነታችን ቀጥ ብሎ መሄድ ነው የሚፈልገው፤ የሚያዞረን ወደ መሃል የሚስበን ኃይል ነው። ወደ ውጭ የተገፋን የሚመስለን ለዚህ ነው። ፈረሰኛው ወደ ውስጥ የሚያዘነብለውም ፈረሱ ሲታጠፍ እሱ ቀጥ ብሎ ሄዶ እንዳይወድቅ ነው።

ከዚያ ትልቁ ሽክርክሪት። ራዲየሱን የለካነው በጥላ ነው። የ1 ሜትር ዘንግ አቁመን የሁለቱን ጥላ አነጻጸርን፤ 5 ሜትር ገደማ ሆነ። አንድ ዙር የሚፈጀው 20 ሰከንድ ያህል ነው። ልጆቹ እዚያው ሣር ላይ ተቀምጠው አሰሉት። 50 ኪሎ የሚመዝን ልጅ ሚዛን ላይ ሆኖ ቢዞር ታች ሲደርስ ሚዛኑ 52.5፣ ላይ ሲደርስ 47.5 ገደማ ያሳያል። ልዩነቱ ትንሽ ነው፤ ሆድ ግን ያውቀዋል። የሚወዛወዘው ጀልባ ላይ ደግሞ የውሃ ጠርሙስ በላስቲክ አንጠልጥለው ወጡ። ጀልባው ታች ሲያልፍ ላስቲኩ ይለጠጣል፤ ጫፍ ሲደርስ ያጥራል። ብዙዎቹ የሚያስፈራው በጣም የሚፈጥንበት ታችኛው ቦታ ይመስላቸው ነበር። ሆድ የሚባባው ግን ጫፍ ላይ ሆነ። ወርደው ይህን ሲያወሩ ድምፃቸው ጎርፍ ነበር።

በመሃል መብራት ጠፋ። ልጆች ሽክርክሪቱ ላይ ነበሩ፤ እኔም ደነገጥኩ። ሠራተኛው ግን ሳይቸኩል ሽክርክሪቱን በእጁ እየገፋ አንድ በአንድ አወረዳቸው። ያን ሁሉ ብረትና ሰው አንድ ሰው በእጁ! ልጆቹ ከበቡት። እሱም አስረዳቸው፤ ሲያሳፍር አንዱን ወገን ብቻ አይሞላም። አንድ ሰው እዚህ ካስቀመጠ ሌላውን ፊት ለፊት ያስቀምጣል። ሁለቱ ወገን ከተመዛዘነ ለመግፋት የሚያስፈልገው ጉልበት ትንሽ ነው። ባንዱ በኩል ከበደ ማለት ግን ያ ወገን ወደ ታች ይጎትተዋል። እኔ ሚዛንን ለማስተማር ብዙ ክፍለ ጊዜ እፈጃለሁ። ይህ ሰው በጥቂት ደቂቃ፣ በራሱ ቋንቋ፣ ጥርት አድርጎ አስተማራቸው። ስሙን ባልጽፍም ምስጋናችን በዚህ መጽሔት ይድረሰው።

ጢስ ዓባይንም ለማየት አስበን ነበር፤ ጊዜ አልበቃንም። ሲመለሱ ግን መኪና ውስጥ ስሌቱን አላቆሙም። ፏፏቴው 40 ሜትር ገደማ ነው። ከ40 ሜትር የሚወድቅ ነገር፣ የአየሩን ተቃውሞ ካልቆጠርን፣ ታች ሲደርስ ፍጥነቱ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ያን ተገልብጦ የሚዞር ባቡር የሚያስኬደውና ጢስ ዓባይ ላይ የመብራት ማመንጫውን ተርባይን የሚያዞረው ከከፍታ የሚገኝ ኢነርጂ አንድ ዓይነት መሆኑን ከኋላ ወንበር ጮክ ብላ የተናገረችው ያችው የመጀመሪያዋ ጠያቂ ናት።

በትምህርት ቤቱ የመዝጊያ ቀን ልጆቹ ውጤታቸውን በኤግዚቢሽን አቀረቡ። የፈረሙት አባትም መጥተው ዥዋዥዌው ላይ ራሳቸው ተቀምጠው ሰከንዱን አስቆጠሩ።

ለመጪው ዓመት ሁለት ነገር ታቅዷል። አንደኛው የቀረብንን ጢስ ዓባይ መጎብኘት ነው። ሁለተኛው በግቢያችን ከባሕር ዛፍ እንጨት ጠንካራ ዥዋዥዌና ሸርተቴ መሥራት ነው፤ ሸርተቴው ሰበቃን (ፍትጊያን) ለማስተማር ይጠቅመናል። እንጨት ልትረዱን የምትችሉ ወላጆች ለርእሰ መምህሩ ቢሮ ንገሩልን። አባል መሆን የምትፈልጉ ተማሪዎች ደግሞ ትምህርት እንደተጀመረ ሐሙስ ከትምህርት በኋላ ላብራቶሪ ኑ። የፊዚክስ ውጤቴ ዝቅተኛ ነው ብላችሁ አትቅሩ።