አንድ ባልዲ በ40 ሰከንድ

ውዴ፣ እንዴት ከርመሻል?

ይህን ደብዳቤ ሦስቴ ጀምሬ ሦስቴ ቀድጄዋለሁ። በይቅርታ ስጀምረው አንዱ ይቅርታ ሌላውን እየጠራ ገጹ ያልቃል። ስለዚህ በአጭሩ ልንገርሽ፦ አኩርፌ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ። ያኮረፍኩት ደግሞ በአንዲት ጥያቄሽ ነው።

ያን ደብተር ይዤ የመጣሁበትን ማታ ታስታውሻለሽ? ቲማቲም፣ ሽንኩርት፣ 100 ዶሮ፣ በዚያ ላይ ንብ። የሁሉንም ትርፍ አስልቼ ጨርሻለሁ፤ ያውም በእስክሪብቶ። አንቺ ገልበጥ ገልበጥ አደረግሽና «ጥሩ ነው፤ ግን ማን ሊገዛሽ ነው?» አልሽ። እኔ «ሰው መብላት አያቆም!» ብዬ ደብተሬን ታቅፌ ወጣሁ። ስልክሽንም አላነሳሁም። አሁን ሳስበው ያስቀኛል። ሰው መብላት አያቆምም፤ የእኔን ቲማቲም እበላለሁ ያለኝ ግን አንድም ሰው አልነበረም።

መሬቱን ይዣለሁ። ግማሽ ሄክታር ነው። እስካሁን ግን አንድ ችግኝ እንኳ አልተከልኩም። አትሳቂ፣ ምክንያት አለኝ።

ደብተሩ ላይ ውሃ በሚለው ቦታ የጻፍኩት አንድ ቃል ነበር፦ «አለ»። ጉድጓድ አለ፣ ፓምፕ አለ፣ ሌላ ምን እፈልጋለሁ? አንድ ቀን ጎረቤቴ የሆኑ አንድ አዛውንት ገበሬ ውሃዬ ስንት እንደሆነ ጠየቁኝ። «ብዙ ነው» አልኳቸው። «ብዙ ስንት ነው?» አሉና ባለ 20 ሊትር ባልዲ አምጥተው ከቱቦው አፍ ሥር አስቀመጡ። እኔ በስልኬ ሰከንድ ያዝኩ። በ28 ሰከንድ ጢም አለ። ደስ ብሎኝ ልጽፈው ስል «ቆይ፣ እሱን አትመኚው» አሉኝ። ፓምፑ እየሠራ ሁለት ሰዓት ተቀምጠን ጠበቅን። ከዚያ ድጋሚ ለካን። 40 ሰከንድ። ለካስ ጉድጓድ ሲቀዳ ውሃው ወደ ታች ይሸሻል፤ የሚታመነው ሲደክመው የሚሰጠው ነው።

ማታ ቁጭ ብዬ ደመርኩት። በ40 ሰከንድ 20 ሊትር ማለት በሰዓት 1,800 ሊትር ነው። ፀሐይ በበረታበት ቀን አትክልት በአንድ ካሬ ሜትር 5 ሊትር ገደማ ይፈልጋል። ግማሽ ሄክታሩን ሁሉ ልሸፍን ካልኩ በቀን 25,000 ሊትር ሊሆን ነው። ፓምፑ 14 ሰዓት መሥራት አለበት፣ በየቀኑ! 1,000 ካሬ ሜትር ብቻ ብተክል ግን ሦስት ሰዓት እንኳ አይሞላም። ስለዚህ እርሻዬ 1,000 ካሬ ሜትር ሆነ። መጠኑን የወሰነው ባልዲው ነው ብልሽ አልዋሸሁም።

አፈሩንም አስመረመርኩ። ከ15 ቦታ፣ እስከ 20 ሳንቲሜትር እየቆፈርኩ፣ በንጹህ የፕላስቲክ ባልዲ ቀላቅዬ ግማሽ ኪሎ ያህል ወሰድኩ። የአሲድነቱ መለኪያ፣ ፒኤቹ፣ 5.2 ወጣ። አሲዳማ ነው። ለቲማቲም የሚመቸው ከ6 እስከ 6.8 ነው። አሲዱን እንዲቀንስልኝ ኖራ ጨምሬበታለሁ፤ ኖራ ግን የሚሠራው ቀስ ብሎ ነው፣ ወራት ይፈልጋል። ያልተከልኩት ለዚህ ነው።

ይህ የመጠበቂያ ጊዜ ባይኖር ደግሞ ጥያቄሽን ይዤ አልወጣም ነበር። አትክልት የሚሸጡ ሰዎችን እየዞርኩ ጠየቅኩ። በሳምንት ስንት ትወስዳላችሁ? ምን ያህል የበሰለ? በምን ታሽጎ? መልሳቸው እቅዴን ገለበጠው። አንዷ «በአንድ ቀን ሃያ ሳጥን አታምጪብኝ፤ ሁለት ሳጥን በየሳምንቱ፣ ሳይቋረጥ» አለችኝ። እኔ ደግሞ ሁሉንም በአንድ ቀን ልተክል ነበር! ሁሉም በአንዴ ደርሶ ግማሹ እጄ ላይ ሊበሰብስ። አሁን ማሳውን ከአራት ከፍዬ በየሦስት ሳምንቱ አንዱን ክፍል እተክላለሁ።

ዶሮዎቹን ሰርዣቸዋለሁ። ቢያንስ ለጊዜው። ጫጩት ገዝቼ ባሳድግ እንቁላል የማየው ከአምስት ወር ገደማ በኋላ ነው። ከዚያም አንዷ በቀን 115 ግራም ገደማ መኖ ትበላለች፤ መቶዎቹ 11 ኪሎ ተኩል ማለት ነው። ጣለችም አልጣለችም መብላቷን አታቆምም። («ሰው መብላት አያቆም» ያልኩት በዶሮ ደረሰብኝ።) ንቡን ለምን እንዳሰብኩት ግን አሁን ራሴም አላውቀውም።

የጨነቀኝ ሌላ ነገር ነው። ቲማቲም በችግኝ መደብ ላይ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይቆያል፣ ወደ ማሳ ተዛውሮ እስኪለቀም ደግሞ ሁለት ወር ተኩል ያህል። ያን ጊዜ ሁሉ ገንዘብ ይወጣል እንጂ አይገባም። ወጪና ገቢውን በየወሩ ጽፌ ስጨርስ የመጀመሪያዎቹ አራት ወራት የገቢ ዓምድ ባዶ ሆኖ ቀረ። ያኔ በዓመት ደምሬ ስላሳየሁሽ ነው ትርፍ የመሰለው። ዋጋውን የያዝኩት ከሰማሁት ሁሉ ዝቅተኛውን ነው። ብድርም አስቤ ነበር፤ ግን ከሁለተኛው ወር ጀምሮ ክፈይ የሚል ብድር ለእኔ አይሆንም፣ ምኑን እከፍላለሁ?

አንድ ያልገባኝ ነገር አለ። የራሴን ጉልበት እንደ ወጪ ልቁጠረው ወይስ አልቁጠረው? ስቆጥረው ትርፉ ይጠፋል። ሳልቆጥረው ደግሞ ራሴን የማታልል ይመስለኛል። ያንቺ ሥራ ሒሳብ ስለሆነ አንቺ ነሽ የምታውቂው።

የአዲሱን እቅዴን ሁለት ገጾች አብሬ ልኬልሻለሁ። በዚህኛው ዙር የጻፍኩት በእርሳስ ነው። ቀይ እስክሪብቶሽን አንሺና እንዳሻሽ አርሚው። መጻፍ ከሰለቸሽ ደውዪልኝ፤ አሁን አነሳለሁ።

የምትናፍቅሽ
ጓደኛሽ