ሃይላንድ ይዛችሁ ለምትመጡ ደንበኞቻችን

ለክቡራን ደንበኞቻችን፦

«ከአረም መድኃኒቱ ሩብ ሊትር ሃይላንድ ውስጥ ቀንሱልን» ስትሉን እምቢ ማለታችን ቅር እንዳሰኛችሁ እናውቃለን። የፀረ-ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 ያልተመዘገበ መድኃኒት መሸጥም መጠቀምም ይከለክላል። የተመዘገበውም ቢሆን ሃይላንድ ውስጥ ከተገለበጠ ስሙም መጠኑም አይታወቅ፤ ልጅ ውሃ መስሎት ያነሳዋል።

72 በመቶው ቱ-ፎር-ዲ (ሰፋፊ ቅጠል ያለውን አረም የሚገድለው መድኃኒት) ለጤፍ በሄክታር 1 ሊትር በ200 ሊትር ውሃ ከተረጨ፣ ለጥማድ (ሩብ ሄክታር) 250 ሚሊ ሊትር፣ ለባለ 15 ሊትር ፓምፕ 75 ሚሊ ሊትር ነው። በክዳን ገምቶ ያበዛ ሰብሉን ይጎዳል፤ ያሳነሰ አረሙን አቁስሎ ይተወዋል። ሊትሩ ከበዛባችሁ አራት ጎረቤት ሆናችሁ ግዙና በአንድ ቀን ርጩት። ፓምፑ በኦሞ በደንብ ሳይታጠብ ባቄላ ወይም ምስር ላይ ከገባ፣ የቀረችው ጥቂት መድኃኒት ቅጠሉን ታጣምመዋለች።

አብልጦ የሚያስጨንቀን የነቀዙ ኪኒን፣ አሉሚኒየም ፎስፋይድ ነው። 3 ግራም የሚመዝነው አንዱ ፍሬ በአየር እርጥበት እየፈረሰ 1 ግራም ፎስፊን ጋዝ ያወጣል። በወረቀት ተጠቅልሎ የተሸጠ እንደሆነ ጋዙ ገና በመንገድ ይወጣል፤ ነቀዙ አይሞትም፣ ገበሬውም ሌላ ይጨምራል። ሰው በሚያድርበት ቤት ባለ ጆንያ ውስጥ መክተት ቤተሰብ ይፈጃል፤ ጋዙ ማርከሻ የለውም። ውሃ ካገኘው ደግሞ ሊቀጣጠል ይችላል። ስለዚህ ከመኖሪያ የራቀ፣ የሚዘጋ መጋዘን ለሌለው ሰው አንሸጥም፤ እባካችሁ አታስገድዱን። ለቤት እህል ፒክስ የሚባለው አየር የማያስገባ ባለ ሦስት ሽፋን ከረጢት ይበቃል፦ እህሉን በደንብ አድርቁ፣ አየሩን ገፍታችሁ አስወጡ፣ ሦስቱን ሽፋን ለየብቻ እሰሩ። የውስጡ ከተበሳ አየር ስለሚገባ ነቀዙ ይተርፋል።

ልጆቻችሁ ከዓረብ አገር በሻንጣ የሚልኩትን ዘርም አንቀበልም። ዘርና ችግኝ ለማስገባት አስቀድሞ የማስገቢያ ፈቃድ፣ ከላኪው አገርም የእፅዋት ጤና ምስክር ወረቀት ያስፈልጋል። ልውጥ ሕያው (ዘረ-መሉ በሳይንስ የተቀየረ) ከሆነ በ896/2007 የተሻሻለው የደኅንነተ ሕይወት አዋጅ ቁጥር 655/2001 ይመለከተዋል። ባዕድ ተክል ምን እንደሚያደርግ ቅንጬ አረም አሳይቶናል፦ ከአሜሪካ ምድር የመጣ ነው፣ አንዱ እግር ከ10,000 በላይ ዘር ይረጫል፣ የበላችው ላም ወተቷ ይመራል።

ባዶውን የመድኃኒት ዕቃ ሦስት ጊዜ አለቅልቁ፤ እጣቢውን ፓምፑ ውስጥ ጨምራችሁ እዚያው ማሳ ላይ ርጩት። ዕቃው ዘይትም ውሃም እንዳይያዝበት ብሱት፤ ቦርከና ወንዝ ውስጥ ፈጽሞ አትጣሉት።

ከአክብሮት ጋር
የግብርና ግብዓት መደብራችሁ፣ ኮምቦልቻ