ቅዳሜ የሮክ ባንዱን ለማየት የምትመጡ

ውድ አባላት፣ አዲሱ የወጣቶች ሮክ ባንድ የፊታችን ቅዳሜ እዚሁ ደብረ ማርቆስ፣ በለመድናት ትንሿ አዳራሽ ይጫወታል። በር 10 ሰዓት ይከፈታል፤ ሙዚቃው 11 ሰዓት ይጀምራል። መግቢያው 150 ብር ነው፤ ዝርዝር ያዙ፣ በር ላይ መልስ አይገኝም።

ጣሪያው ቆርቆሮ ስለሆነ ድራሙ ያስተጋባል። ስፒከር ፊት አትቁሙ። ጥሩው ቦታ ሚክሰሩ (የድምፅ ማስተካከያው መሣሪያ) አጠገብ ነው፤ ባለሙያው ድምፁን የሚያመዛዝነው እዚያ ሆኖ በሚሰማው ነው። የጆሮ መድፈኛ ያዙ፤ የድምፁ ኃይል 100 ዴሲቤል ሲደርስ ያለ መከላከያ ከ15 ደቂቃ በላይ መቆየት አይመከርም። ጥጥ መወተፍ ብዙም አይረዳም።

ባለፈው ዘፈኑ መሀል ላይ መብራት የጠፋው የቡናው ምድጃ ከጊታር አምፕሊፋየሩ ጋር አንድ መስመር ላይ ተሰክቶ ብሬከሩ ስለወደቀ ነው። አሁን ቡናው በከሰል ይፈላል፣ አለቀ! ወፍራም ሽቦ ያለው ረጅም ማራዘሚያ ያላችሁ አምጡልን፤ ቀጭኑ ይግላል።

ስትወጡ የማርቆስን ብርድ ታውቁታላችሁ፤ ጋቢ አይረሳ።

የምትመጡ ስንት እንደሆናችሁ፣ ማራዘሚያ የምታመጡም ርዝመቱን፣ እስከ ሐሙስ ማታ እዚሁ ጻፉልን። ቦታው 80 ሰው ብቻ ነው የሚይዘው።