አንሶ የተወለደን ሕፃን ማደለብ መድኃኒቱ አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

ክብደቱ አንሶ የተወለደ ሕፃን ሲታይ ዘመድም፣ ጎረቤትም፣ አንዳንዴ የጤና ባለሙያውም የሚሰጠው ምክር አንድ ነው፦ «ቶሎ እንዲወፍር አድርጉ»። ምክሩ ከአሳቢነት የመጣ ነው። ለአንዳንዱ ሕፃን ግን ጉዳቱ ከዓመታት በኋላ ይወጣል።

ከ2,500 ግራም በታች የተወለደ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። አንዱ ከ37 ሳምንት በፊት ያለ ቀኑ የተወለደ ነው፤ ክብደቱ ለእርግዝናው ዕድሜ ልክ ሊሆን ይችላል። ሌላው ቀኑን ጨርሶ ተወልዶ፣ በእንግዴ ልጅ መዳከም፣ በእናት የደም ግፊት፣ በምግብ እጥረት ወይም በሲጋራ ምክንያት ማሕፀን ውስጥ እድገቱ የተገታ ነው። ይህ ደብዳቤ በዋናነት ስለ ሁለተኛው ነው።

ፅንሱ ምግብና ኦክስጅን ሲያንሰው ደሙን አስቀድሞ ወደ አንጎሉ ይልካል። ዕዳውን የሚከፍሉት ቆሽት፣ ጉበት፣ ጡንቻና ኩላሊት ናቸው። የኩላሊት ማጣሪያዎች መፈጠራቸውን የሚያቆሙት 36ኛው ሳምንት ገደማ ስለሆነ ያኔ የጎደለው በኋላ አይተካም። ቆሽቱም ኢንሱሊን የሚያመርቱ ሕዋሳቱ አንሰው ሊወለድ ይችላል። እንዲህ ያለ ሕፃን ከተወለደ በኋላ ምግብ ሲትረፈረፍለት ሰውነቱ ጡንቻ ከመገንባት ይልቅ ስብ፣ በተለይ የሆድ ዕቃ ስብ፣ ወደ ማከማቸት ያዘነብላል። ስቡ የኢንሱሊንን ሥራ ያደናቅፋል፤ አቅሙ ያነሰ ቆሽት አብዝቶ እንዲያመርት ይገደዳል። ለዓይነት 2 የስኳር በሽታ መንገዱ የሚጠረገው በዚህ ነው።

የብሪታንያ ተመራማሪዎቹ ሄልስና ባርከር ይህን ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1992 ሲያቀርቡ መላምት ነበር። በኔዘርላንድስ የ1944–45 የክረምት ረሃብ ገና ማሕፀን ውስጥ ሳሉ፣ በእርግዝናው መገባደጃ ላይ የደረሰባቸው ሰዎች፣ ጎልማሳ ሲሆኑ የደም ስኳራቸውን የመቆጣጠር አቅማቸው ደክሞ ተገኝቷል። ለምግብ ጉዳይ ከሁሉ የሚቀርበው ግን በብሪታንያ የተደረገው ሙከራ ነው። ቀናቸውን ጨርሰው አንሰው የተወለዱ ሕፃናት በዕጣ ተለይተው ግማሾቹ መደበኛ፣ ግማሾቹ ፕሮቲንና ኃይል የተጨመረበት የዱቄት ወተት ተሰጣቸው። ከ6 እስከ 8 ዓመት ሲሞላቸው የበለጸገውን የጠጡት የታችኛው የደም ግፊታቸው (ከሁለቱ የግፊት ቁጥሮች ሁለተኛው) ከፍ ብሎ ተገኘ።

ስለዚህ ቀኑን ጨርሶ ለተወለደው የእናት ጡት ወተት ይበቃዋል። በመጀመሪያው ሰዓት ውስጥ ጡት ይጀምር፤ የስብ ስንቁ ጥቂት ስለሆነ ቢዘገይ የደም ስኳሩ ይወርዳል። ከዚያ በየ2 እና 3 ሰዓቱ፣ በቀን ከ8 እስከ 12 ጊዜ ይጥባ። ያለ ቀኑ ለተወለደው፣ በተለይ ከ1,500 ግራም በታች ለሆነው፣ ነገሩ ይለያል። የጡት ወተቱ ላይ ማበልጸጊያ የሚጨመርለት አንጎሉ ስለሚፈልገው ነው፤ እሱን በስኳር በሽታ ፍርሃት ማስራብ ከባድ ስሕተት ነው።

ዱቄት ወተት ግድ ከሆነ መደበኛው ይበቃል። በየቤቱ የምናየው ችግር የአለካክ ነው። ውኃው ቀድሞ ይለካ፤ በብዙ ጣሳዎች ላይ መጠኑ ለ30 ሚሊ ሊትር ውኃ አንድ ልሙጥ ማንኪያ ነው፤ በጣሳው ላይ የተጻፈውን ግን ያረጋግጡ። ማንኪያው ከተከመረ ወይም «እንዲጠነክር» አንድ ከተጨመረ ጨውና ፕሮቲኑ ይበዛል፤ ማጣሪያው ያነሰ ኩላሊት ያንን ለማስወጣት የሕፃኑን ውኃ ይጨርሳል። ጡጦ ውስጥ ስኳር ወይም የእህል ዱቄት መጨመር ደግሞ ብረትና ዚንክ ሳይሰጥ ያወፍራል።

ክትትሉ በክብደት ብቻ አይሁን። ሕፃኑ ራቁቱን፣ በአንድ ሚዛን ይመዘን፤ ቁመቱ ተጋድሞ በሁለት ሰው ይለካ፤ አንዱ ጭንቅላቱን ሲይዝ ሌላው ጉልበቱን ያቃናል። የጭንቅላት ዙሪያውም ይመዝገብ። ሦስቱ አብረው ሲወጡ እሰየው ነው፤ ጭንቅላቱና ቁመቱ ከቆሙ ምግቡ አንሷል፣ ይህም ሳይዘገይ ይመርመር። ቁመቱ ባለበት ቆሞ ክብደቱ ብቻ በእድገት ሰንጠረዡ ላይ ከ25ኛው መስመር (ከ100 እኩዮቹ 25ቱን ከሚበልጥበት) ወደ 50ኛው፣ ከዚያም በላይ ከወጣ ግን የሚጨመረው ስብ ነው። ብዙ ወላጆች የማያውቁት ነገር አለ፦ አንሰው ከተወለዱ 10 ሕፃናት ወደ 9 የሚጠጉት እስከ 2 ዓመታቸው ቁመታቸው ያለ ልዩ ምግብ መደበኛው ክልል ውስጥ ይገባል። ያልገባው ለሆርሞን ሐኪም ይታይ።

የብረት ክምችታቸው ቶሎ ስለሚያልቅ 6 ወር ሳይጠበቅ በሐኪም ትእዛዝ የብረት ጠብታ ያስፈልጋቸዋል። በ6 ወር ተጨማሪ ምግብ ሲጀመር እንቁላል፣ ሥጋና ጥራጥሬ ይቅደሙ። ፊቱን ሲያዞር በግድ አይጎረስ፤ ጣፋጭ መጠጥም አይቅመስ።

ጤና ተቋማትን የምንጠይቀው የልደት ክብደትና የእርግዝና ሳምንት በልጁ ካርድ ላይ ብቻ እንዳይቀር ነው። ከ3 ዓመት ጀምሮ በየዓመቱ የደም ግፊቱ ሲለካ፣ ጎልማሳ ሆኖም ስኳሩ ሲመረመር፣ ሐኪሙ ሁለቱን ቁጥሮች ፊት ለፊቱ ያግኛቸው።

ከአክብሮት ጋር፣
የሕፃናት ሥነ ምግብ ባለሙያዎች