ሽንኩርት ይዛችሁ ለመጣችሁ ሁሉ

ሰላም ለሁላችሁም። ትናንት ፀሐይ አየሁ። አገር ቤት ላላችሁ "እና ምን ይጠበስ?" የሚያሰኝ ዜና ነው፤ እዚህ ግን ሰው ስልክ የሚደዋወልበት ጉዳይ ነው። ፊት ለፊቴ ያለው ሕንጻ ግድግዳ ላይ አክንባሎ የምታክል ብርቱካንማ ብርሃን አረፈች፣ አራት ደቂቃ ያህል ቆየችና ሄደች። ትንሽ አለቀስኩ፣ ቡና አፈላሁ፣ ከዚያ ይህን መጻፍ ጀመርኩ። የማመሰግነው ሰው ብዙ ስለሆነ ይረዝማል፤ ታገሱኝ።

ለማታውቁኝ፣ የምኖረው ትሮምሶ ነው። ሰሜን ኖርዌይ፣ ከአርክቲክ ክበብ ወደ ላይ 350 ኪሎ ሜትር ያህል። እዚህ ከኖቬምበር 27 እስከ ጃንዋሪ 15 ፀሐይ ጭራሽ አትወጣም። ከተማዋን ደግሞ ተራራ ስለከበባት ከኖቬምበር 21 እስከ ጃንዋሪ 21 አናያትም። በኛ ሲቆጠር በኅዳር ሚካኤል ሄዳ በጥር 13 ትመለሳለች፣ የቃና ዘገሊላ ማግስት ማለት ነው። ሰዎቹ "ሞርከቲድ" ይሉታል፤ የጨለማ ጊዜ። ሃያ አራት ሰዓት ድቅድቅ ነው ብላችሁ ግን አታስቡ። እኩለ ቀን አካባቢ ለሁለት ለሦስት ሰዓት ሰማዩ ሰማያዊ ይሆናል፣ በረዶውም፣ ተራራውም አብሮ ሰማያዊ ይሆናል፤ እውነቴን ነው፣ ያምራል። ብርዱም የሚወራለትን ያህል አይደለም። ሞቃት የባሕር ሞገድ ስለሚደርሰን ባሕሩ እንኳን በረዶ አይሠራም። እኔ ደግሞ የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ፤ በብርድ ማንም አያስፈራራኝም። (ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ከሰማይ ብርሃን ታየ ብለው ስም ባወጡለት ከተማ ተወልጄ እዚህ መምጣቴ እናቴን ያስቃታል።)

ያለፉትን ሦስት ጨለማዎች ያለፍኳቸው በሩጫ ነው። ሥራ፣ ቤት፣ እንቅልፍ፣ ሥራ። አረጋውያን መንከባከቢያ ስለምሠራ ለማዘን ጊዜ አልነበረኝም። ዘንድሮ ግን ኅዳር 20 አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ተንሸራተትኩ። ጥፋቱ የራሴ ነው። እዚህ በረዶ እንዳያንሸራትት ጫማ ላይ የሚታሰር ባለ ጥርስ ነገር አለ፣ "ብሮደር" ይሉታል። ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። አሮጊት ያስመስለኛል ብዬ አላደረግኩትም። ቁርጭምጭሚቴ ተሰበረ፤ 6 ሳምንት ጀሶ። ቤቴ ሦስተኛ ፎቅ ነው፣ ሊፍት የለውም። በቃ፣ ታሰርኩ።

ያን ቀን ኮቱን አውልቆ ያለበሰኝን የአውቶቡስ ሹፌር አመሰግናለሁ። አምቡላንስ እስኪመጣ አልሄድም ብሎ አጠገቤ ቆመ። ስሙን እንኳ አልጠየቅኩትም።

በመጀመሪያው ሳምንት ቤቴ ሰው ሞላ። አይዞሽ ያላችሁኝ፣ ሾርባ ያመጣችሁ፣ እረፊ ያላችሁኝ ሁሉ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ግን ልንገራችሁ፣ በጨለማ ውስጥ ማረፍ ከባድ ነገር ነው። በዘጠነኛው ቀን 12 ሰዓት ተኝቼ ነቃሁና ጠዋት ይሁን ማታ ጠፋኝ። ስልኬ 7 ይላል። የቱ 7? የኛ ሰዓት የሚቆጠረው ፀሐይ ስትወጣ ተነስቶ ነው እኮ። ፀሐይ ካልወጣች ከጠዋቱ 1 ሰዓት የሚባለው ከምን ተነስቶ ነው? እናቴ በየቀኑ ትደውላለች።

"ነጋ?"

"አልነጋም እማዬ።"

"እሺ መቼ ነው የሚነጋው?"

"በጥር።"

ዝም ትላለች። ከዚያ "ዶሮዎቹስ ምን ይሆናሉ?" ትለኛለች። እኔ እግሬ ተሰብሮ፣ እሷ ለትሮምሶ ዶሮ ታዝናለች።

እና የቅዳሜ ቡና እህቶቼ መጡ። አበባ ይዘው አልመጡም፤ 5 ኪሎ ቀይ ሽንኩርት ይዘው ነው የመጡት። ለምስር ነው፣ ጾም ስለሆነ ለማኅበሩ አብረው ሊሠሩ። አንዷ ክትፍ ማድረጊያውን ጣውላ ጭኔ ላይ አስቀመጠችና "እጅሽ አልተሰበረም አይደል?" አለችኝ። መጀመሪያ ተናደድኩ። እውነት ለመናገር በጣም ተናደድኩ፤ ሰው በሽተኛ ጥየቃ ሽንኩርት ይዞ ይመጣል? ግን ከተፍኩ። እየከተፍኩ አለቀስኩ፤ በሽንኩርቱ ይሁን በእግሬ ማንም አልጠየቀኝም። ያም ጥሩ ነበር። ማታ ሲሄዱ ቤቱ ቁሌት ቁሌት ይሸት ነበር፤ እኔም ከወደቅኩ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ደክሞኝ ተኛሁ። ስልችት ብሎኝ ሳይሆን ደክሞኝ። ልዩነቱን የሚያውቅ ያውቀዋል። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ሽንኩርቱ ይመጣል፣ ቢላዋዬንም ዓርብ ማታ ነው የምስለው።

ሁለተኛ ፎቅ ያሉትን እማማ ሳላነሳ ባልፍ ግፍ ነው። እዚህ አገር ትልቁም ትንሹም በስሙ ነው የሚጠራው፤ እኔ ግን የ80 ዓመት ሴት በስማቸው መጥራት አልሆን ስላለኝ "እማማ" እላቸዋለሁ። በነሱም ቋንቋ "ማማ" እናት ስለሆነ ደስ ብሏቸው ተቀብለውታል። የተዋወቅነው በጠብ ነው። ኅዳር 12 ቀን፣ ኅዳር ሲታጠን፣ እንደ ወጉ ቤቴን ጠርጌ እጣን አጨስኩ። የኅዳር በሽታ በ1911 ያን ሁሉ ሰው ከፈጀ ወዲህ የሚታጠነውን እኔ ለምን እተዋለሁ? የጭስ ደወሉ ግን ታሪክ አያውቅም። ጮኸ፣ የሕንጻው ሰው በሙሉ በካልሲና በፒጃማ በረዶ ላይ ወጣ። እማማ በሬን አንኳኩተው "ምንድነው ያቃጠልሽው?" አሉኝ። እጣን ሰጠኋቸው። አሸተቱት፣ ፊታቸው ፈታ አለ፣ ሄዱ።

እግሬ ሲሰበር ግን በአራተኛው ቀን የበግ ፀጉር ክርና የሹራብ መርፌ ይዘው መጡ። "መስኮትሽ ከመንገድ ሲታይ ጨለማ ነው፣ ይከፋኛል" ብለው ባለ ኮከብ መብራትም ሰቀሉልኝ፤ እዚህ ከገና በፊት በየመስኮቱ የሚሰቀል አለ። ከዚያ ቁጭ አሉና ጓንት መሥራት አስተማሩኝ፤ ጥቁርና ነጭ፣ ባለ ስምንት ቅጠል አበባ። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1857 ሴልቡ የሚባል ቦታ ማሪት ኤምስታድ የምትባል ወጣት የጀመረችው ጌጥ ነው አሉኝ። እኔ ሳየው የጥበብ ቀሚስ ጠርዝ መሰለኝ። ቆጠራው ራሱ የእናቴ ነው! እናቴ በወስፌና በአክርማ መሶብ ስትሰፋ "ሦስት ቀይ፣ ሁለት ጥቁር" እያለች ለራሷ እንደምታንሾካሽከው፣ እማማም በኖርዌጂያንኛ ያንሾካሽካሉ። አንድ ቀን ሁለቱን በቪዲዮ አገናኘኋቸው። አንዱንም ቃል አልተግባቡም፤ 40 ደቂቃ አወሩ።

የመጀመሪያው ጓንቴ ለማንም እጅ አይሆንም። ሁለተኛው ይሆናል። የቀኝ ብቻ ነው ግን።

ልጆቻችሁን ለላካችሁልኝ ወላጆች። ማክሰኞና ሐሙስ ስድስት ልጆች ፊደል ሊማሩ ይመጡ ነበር። መጀመሪያ "ሞግዚት ፈልጋችሁ ነው" ብዬ አምቼአችኋለሁ፤ ይቅርታ። (በከፊል ግን እውነት ነው፣ አትካዱ።) "ፀሐይ" የሚለውን ስናጽፍ አንዷ ትንሿ "ለምንድነው ፀሐይ ሁለት ከባድ ፊደል ያላት?" ብላ ጠየቀችኝ። ስለ ፀሐዩ ፀ እና ስለ ሐመሩ ሐ ላስረዳ ስዘጋጅ ወንድሟ ቀደመኝ፤ "ለመምጣት ስለሚከብዳት ነው" አላት። ከዚህ የተሻለ መልስ የለኝም።

ከኦስሎ በሻንጣህ ጤፍ ተሸክመህ የመጣኸው ወንድሜ፣ አንተም አለህበት። ሊጡ በብርድ አልቦካም ብሎ ሦስት ቀን ሲያስቸግረኝ "መታጠቢያ ቤት ወለል ላይ አስቀምጪው" ያልከኝ አንተ ነህ። የዚህ አገር መታጠቢያ ቤት ወለሉ ከሥር ይሞቃል። በማግስቱ ክዳኑን ከፍቶ ነበር! እንግዳ ሁሉ እጁን ሊታጠብ ገብቶ ባልዲ ሊጥ እያየ ይወጣል፤ ይለምዱታል።

መብራቷን ያዋስሽኝ የሥራ ባልደረባዬም አልረሳሁሽም። 10,000 ሉክስ የሚባለው፣ ጠዋት ግማሽ ሰዓት ፊት ለፊቱ የሚቀመጡበት ነው። የቤት አምፖል ከዚያ አጠገብ ኩራዝ ነው። የዓሣ ጉበት ዘይቱንም አንቺ ነሽ ያስጀመርሽኝ። በቀን አንድ የሻይ ማንኪያ፣ 10 ማይክሮግራም ቫይታሚን ዲ። እንደኛ ቆዳው ጠቆር ያለ ሰው ደግሞ ከፀሐይ ቫይታሚኑን ለማግኘት የበለጠ ጊዜ ስለሚፈልግ እዚህ ክረምት ያለሱ አይሆንም። ጾም አይገድፍም ወይ ብዬ የንስሐ አባቴን በስልክ ብጠይቅ "ልጄ፣ መድኃኒት ነው፤ ደግሞ ማን ወዶ ይጠጣዋል?" አሉኝ።

አሁን የማላወራው ይሻላል ያልኩትን ላውራ። በነሱ ገናና በኛ ገና መካከል ያለው ጊዜ። ከተማው ዝም ይላል። እማማ ልጃቸው ጋ ሄዱ። ልጆቹ ዕረፍት ናቸው። የቅዳሜ ቡናም ቀረ፣ ግማሹ ሰው ተጉዟል። ሽንኩርት የለ፣ ፊደል የለ። መጀመሪያ ኮከቡን ማብራት ተውኩ፣ ከዚያ መብራቷን፣ ከዚያ ስልክ ማንሳት። እናቴን ሦስት ቀን አላነሳሁላትም። ፀጉሬን አልነካሁትም። ውጭ የአዲስ ዓመት ርችት ሲተኮስ አንሶላ ተከናንቤ ነበር።

በአራተኛው ቀን አንቺ መጣሽ፤ ስም አልጠራም፣ ራስሽን ታውቂያለሽ። በሩን እስክከፍት ደበደብሽ። ቤቱን አየሽ፣ እኔን አየሽ። ትቆጪኛለሽ ብዬ ስጠብቅ ማበጠሪያና የፀጉር ቅባት ከቦርሳሽ አወጣሽና እግሬ ሥር ምንጣፉ ላይ ቁጭ አልሽ። ጀርባሽን ሰጥተሽኝ "ለገና ሹሩባ ሥሪኝ፤ እዚህ አገር በዚህ ዋጋ ማን ይሠራል" አልሽ። ጀሶዬን ትራስ ላይ አድርጌ ሁለት ሰዓት ተኩል ሠራሁሽ። ስለ ባልሽ ወንድም አማሽልኝ፣ ስለ ቤት ኪራይ አማረርሽ፣ ስለ እኔ ግን አንድም ቃል አልጠየቅሽኝም። ስጨርስ በመስታወት አየሽውና "ግራው ጠሟል፤ ነገ መጥቼ ታስተካክይዋለሽ" አልሽኝ። ሹሩባው አልጠመመም ነበር። አውቃለሁ፣ የሠራሁት እኔ ነኝ። በማግስቱም መጣሽ። ለእናቴ የደወልኩት ያን ዕለት ነው።

የገና ዕለት በወንበር ላይ አስቀምጣችሁ ሦስት ፎቅ ያወረዳችሁኝ ሁለት ወንድሞቼ፣ ወገባችሁ ደህና ነው? እንደ ሙሽራ ነበር የወረድኩት፤ ከእልልታው በስተቀር ምንም አልጎደለም፣ እሱንም አንደኛ ፎቅ ስንደርስ ራሴ አልኩት። ለዶሮው 12 ኪሎ ሽንኩርት ከትፌያለሁ። ይመዝገብልኝ።

ጀሶው ጥር 2 ወለቀ። ጥር 13 ቀን፣ የፀሐይ ቀን በሚባለው፣ ከእማማ ጋር ክንዳቸውን ይዤ (ወይም እሳቸው የኔን ይዘው) እስከ ባሕሩ ዳር ወረድን። ሁለታችንም ብሮደር አድርገናል። ሰማዩ በደመና ተዘግቶ ነበር፤ ምንም አልታየም። ሰው ግን ሁሉ ወጥቶ "ሱልቦለ" ይበላል፤ ለፀሐይ መምጫ የሚበላ የተጠበሰ ዳቦ ነው፣ ቦምቦሊኖ በሉት። "ሳናያት እንበላለን?" ብላቸው እማማ "መጥታለች እኮ፤ ደመናው ነው የጋረዳት" አሉኝና ሁለተኛውን ገመጡ።

ትናንት ግድግዳው ላይ ስትታይ ለእናቴ በቪዲዮ አሳየኋት። "ይቺ ናት?" አለች። አዎ፣ ይቺ ናት።

ሰኞ ግማሽ ቀን ሥራ እጀምራለሁ። የፊደል ትምህርቱ ይቀጥላል፣ ሰዓቱን ግን ወደ 11 እናድርገው፤ በኛ ነው በነሱ እንዳትሉኝ፣ ከትምህርት ቤት ሲወጡ ማለቴ ነው። አንድ ሰማያዊ ክዳን ያለው ድስት፣ ሁለት የሾርባ ሳህንና የማን እንደሆነ ያልታወቀ የግራ እጅ ጓንት እኔ ቤት አሉ። ድስቱን እስከ ቅዳሜ ያልወሰደው ሰው ሽንኩርት ይዞ ይምጣ።